ከጅማ ሆኖ በፕራግ ቶካማክ መሥራት፦ የጎሌም የርቀት ላቦራቶሪ አገልግሎት ግምገማ

በጅማ ፊዚክስ የማስተምር እንደመሆኔ፣ ስለ ኑክሌር ውህደት፣ ማለትም የቀላል አቶሞች እምብርቶች ተዋህደው ኃይል ስለሚሰጡበት ሂደት፣ ባነሣሁ ቁጥር ከተማሪዎቼ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ፀሐይን የሚያበራት ኃይል በምድር ላይ መብራት ለማመንጨት የሚበቃው መቼ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ይህ ምርምር በምን ዓይነት ማሽንና በምን ዓይነት እጅ እንደሚካሄድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በመስኩ የተገኙት ታላላቅ ውጤቶች የመጡት አንድን ማሽን አንዴ ሠርቶ በማቆም ሳይሆን፣ ለአሥርተ ዓመታት እየፈቱ፣ እየጠገኑ፣ ያረጀውን እየለወጡና መልሰው እየገጠሙ በማቆየት ነው። ይህን እውነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስረዳት አስቸጋሪ ሆኖብኝ ቆይቶ ነበር። ዛሬ የምገመግመው የጎሌም የርቀት ላቦራቶሪ ከማውቃቸው የማስተማሪያ አገልግሎቶች ሁሉ ይህን በግልጽ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ይጠቅም ዘንድ ያየሁትን በዝርዝር ላስቀምጥ።

ጎሌም በፕራግ ከተማ፣ በቼክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ሳይንስና የፊዚካል ምህንድስና ፋኩልቲ ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ቶካማክ ነው። ቶካማክ ማለት የቀለበት ቅርጽ ባለውና አየሩ በተመጠጠ የብረት ክፍል ውስጥ ጥቂት ጋዝ አስገብቶ፣ ጋዙን በኤሌክትሪክ ወደ ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ወደተለዩበት እጅግ የጋለ ጋዝ፣ የሚለውጥ፣ ያንን ፕላዝማም በማግኔት መስክ ከግድግዳው አርቆ የሚይዝ የምርምር መሣሪያ ነው። በጎሌም ከቀለበቱ መካከል እስከ ፕላዝማው እምብርት ያለው ርቀት 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የክፍሉ ውስጣዊ ሬዲየስ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ግድግዳውን ከፕላዝማው ለመከላከል የተገጠመው የሞሊብዲነም ቀለበት ይህን ወደ 8.5 ሴንቲ ሜትር ያጠብበዋል። የማግኔት መስኩ ከ1 ቴስላ፣ በፕላዝማው ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከ8 ኪሎ አምፔር፣ የአንዱ ሙከራ ዕድሜም ከ20 ሚሊ ሰከንድ በታች ነው። በዓይን ቢያዩት አንድ መካከለኛ ክፍል የማይሞላ ማሽን ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በትልልቆቹ ቶካማኮች ላይ የሚገኘው መሠረታዊ አካል ሁሉ አለው፤ የቫኪዩም ክፍል፣ ፓምፖች፣ የመዳብ ጥቅልሎች፣ የብረት እምብርት ያለው ትራንስፎርመር፣ ኤሌክትሪክ አከማችቶ በአንዴ የሚለቀው የካፓሲተር ባንክና በየአቅጣጫው የተተከሉ መለኪያዎች አሉት።

አገልግሎቱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነው መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ፣ እነሱ እንደሚሉት እያንዳንዱ ሾት፣ የራሱ ተከታታይ ቁጥርና የራሱ ገጽ ያለው ሲሆን፣ በገጹ ላይ የተመረጠው ቮልቴጅ፣ የጋዙ ዓይነትና ግፊት፣ የተለካው ፍሰት፣ ብርሃኑና የማግኔት መስኩ ከነጥሬ ውሂቡ ተቀምጧል። እስካሁን የተመዘገቡት ሾቶች ከ40,000 በላይ ናቸው። ሁለተኛው መልክ የቀጥታ ሙከራ ነው፤ ከላቦራቶሪው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ቀጠሮ የያዘ ቡድን ካለበት አገር ሆኖ የካፓሲተሮቹን ቮልቴጅ፣ ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም መጠቀሙን፣ የጋዙን ግፊትና የፍሰቱን መነሻ ጊዜ መርጦ ትእዛዙን ይልካል። ማሽኑ በላቦራቶሪው ባለሙያዎች ክትትል ሥር ተራውን ጠብቆ ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ካፓሲተሮቹ ተሞልተው ሾቱ ከተካሄደ በኋላም ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል።

የዚህ ማሽን የሕይወት ታሪክ ራሱን የቻለ የጥገናና የማሻሻያ ትምህርት ስለሆነ፣ ተማሪዎችን ወደ ቀጥታው ሙከራ ከማስገባቴ በፊት ሁልጊዜ ከዚያ እጀምራለሁ። መጀመሪያ የተሠራው በ1960ዎቹ መባቻ ገደማ፣ በሞስኮው ኩርቻቶቭ ኢንስቲትዩት ነበር፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ ስሙ ቲኤም-1 ሲሆን፣ ቶካማክ የሚባለው መሣሪያ ከሶቪየት ኅብረት ውጭ ገና እምብዛም አይታወቅም ነበር። በ1970ዎቹ ወደ ፕራግ ተጓጉዞ በቼኮዝሎቫኪያ የሳይንስ አካዳሚ የፕላዝማ ፊዚክስ ኢንስቲትዩት ተተከለ። በ1985 የቫኪዩም ክፍሉ ተለውጦለት ካስተር የሚል ስም ወጣለት፤ እስከ 2006 ድረስም የአገሪቱ ተመራማሪዎች የፕላዝማን ጠርዝ ባሕርይ ሲያጠኑበት ቆዩ። ከዚያም ኢንስቲትዩቱ ኮምፓስ የተባለውን የሚበልጥ ቶካማክ ከእንግሊዝ ካልሃም ሲረከብ፣ አሮጌው ካስተር ለብረት አቅላጮች አልተሸጠም፤ ተማሪዎች እንዲማሩበት ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠና ጎሌም ተባለ። እንግዲህ አንድ የጅማ ተማሪ ዛሬ ትእዛዝ የሚልክለት ማሽን ከወላጆቹ ሳይበልጥ አይቀርም፤ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ካሉት ቶካማኮችም አንጋፋው ነው።

ይህን ያህል ዕድሜ በዕድል ብቻ አይገኝም። ማሽኑን ያቆዩት ሰዎች ቀስ ብሎ የሚያረጀውን አካል ፈጥኖ ከሚያረጀው ለይተው ማወቃቸው ነው ቁም ነገሩ። የትራንስፎርመር እምብርትና የመዳብ ጥቅልል መከለያቸው ካልተቃጠለና ከአቅማቸው በላይ ካልተጫነባቸው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያገለግላሉ። የፓምፕ ዘይት፣ የጎማ ማሸጊያ፣ ኤሌክትሮን የሚያመነጨው የጋለ ሽቦ፣ ካፓሲተርና መቀያየሪያ ግን አልቀው የሚተኩ ናቸው። ከሁሉ ፈጥኖ የሚያረጀው ደግሞ፣ ብዙዎች የማይጠረጥሩት፣ መቆጣጠሪያውና የመረጃ መሰብሰቢያው ነው፤ የአሥር ዓመት ኮምፒውተር መለዋወጫ ማግኘት ከሃምሳ ዓመት መዳብ ይልቅ ይቸግራል። በጎሌም ላይ የተሠራው ትልቁ ማሻሻያ በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው። የማሽኑን ክፍሎች በኔትወርክ በሚገናኙ ኮምፒውተሮች አያይዘው፣ አጠቃላይ ሂደቱን ግልጽ በሆኑ የኮምፒውተር ትእዛዞች እንዲመራ በማድረጋቸው፣ ማሽኑ ከሩቅ የሚሠራ ሆኖ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎች ራሳቸው እየፈቱ የሚያሻሽሉት ሆኗል። የፕላዝማውን አቀማመጥ ለማረጋጋት የሚያገለግሉ ተጨማሪ ጥቅልሎችም ሆኑ ብዙዎቹ መለኪያዎች በተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ውስጥ ያለፉ ናቸው።

አንድ ተጨማሪ ማሻሻያ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከአንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጋር በተደረገ ትብብር፣ ከጎሌም የመዳብ ጥቅልሎች መካከል የፕላዝማውን አቀማመጥ የሚገዙት ጥንድ ጥቅልሎች በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ መቋቋም በሚያሳልፍ፣ «የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር» በሚባል ጥብጣብ በተሠሩ ተተክተው ተሞክረዋል። ዛሬ በመስኩ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበት የሱፐርኮንዳክተር ጥብጣብ ከመጀመሪያዎቹ የቶካማክ ሙከራዎቹ አንዱን ያለፈው በዚህ አሮጌ ማሽን ላይ ነው። ታላቅ ማሽን ላይ ቢሞከር ኖሮ አንድ ስህተት የሚያስከትለው ኪሣራ ምን ያህል እንደሚሆን ለሚያስብ ሰው፣ ትንሽና አሮጌ ማሽንን ጠግኖ ማቆየት ለምን እንደሚያዋጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የጎሌምን ዋጋ በትክክል ለመመዘን ትልቁን ወንድሙን ማየት ይረዳል። ጄት የተባለው የአውሮፓውያን ቶካማክ በካልሃም በ1983 ሥራ ሲጀምር፣ ከፕላዝማው የሚወጣውን ሙቀትና ቆሻሻ የሚቀበለው ዳይቨርተር የሚባለው አካል አልነበረውም፤ የተገጠመለት ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በውስጡ ትሪቲየም የተባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን ከተቃጠለበትና ኒውትሮን የብረት አካሉን ራዲዮአክቲቭ ካደረገው በኋላ ደግሞ ሰው ገብቶ ቁልፍ መፍታት አይችልም ነበርና፣ ጥገናው ከሌላ ክፍል በሚታዘዙ ሁለት የሮቦት እጆች መከናወን ግድ ሆነ። እነዚህ እጆች የብሎኑን ጥብቀት ለኦፕሬተሩ መዳፍ መልሰው ያሰማሉ። ከ2009 እስከ 2011 በተካሄደው ታላቅ እድሳት የውስጡ የካርቦን ግድግዳ በቤሪሊየምና በተንግስተን ተተካ፤ ምክንያቱም ካርቦን ትሪቲየሙን እየመጠጠ ያስቀር ነበር፣ ወደፊት የሚሠሩት ማሽኖችም እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ሊጠቀሙ አይችሉም። በዚያ በታደሰ አካል ነው ጄት በ2021 መጨረሻ 59 ሜጋ ጁል፣ በ2023 ደግሞ 69 ሜጋ ጁል የውህደት ኃይል ያመነጨው፤ በታኅሣሥ 2023ም በሾት ቁጥር 105,842 ሥራውን አቁሟል። ተማሪዎቼ ይህን ቁጥር ከጎሌም የሾት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲያዩት፣ ትንሹም ትልቁም ማሽን በአንድ ዓይነት መዝገብ እንደሚተዳደር ይገባቸዋል።

ወደ ቀጥታው ሙከራ ልመለስ። ቀጠሮ በያዝንበት ጊዜ ከተማሪዎቹ በተጨማሪ በሂርማታ መርካቶ አካባቢ የፍሪጅ ጥገና ሱቅ ያላቸውን አንድ ጋሼ ጋብዤ ነበር። የጋበዝኳቸው ለክብር አልነበረም፤ በከተማችን ውስጥ ቫኪዩም ፓምፕን በየቀኑ በእጃቸው የሚይዙ ሰዎች የእሳቸው ሙያ ባለቤቶች ስለሆኑ ነው። ፍሪጅ ላይ አዲስ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በፓምፕ ተመጥጦ መውጣት አለበት፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ረጅምና እርጥብ በመሆኑ፣ እሳቸው እንደነገሩን፣ በሐምሌና በነሐሴ ፓምፑን ከወትሮው አብልጠው ያስኬዱታል።

ጋሼ ስለ ቶካማኩ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጥያቄ የሠላ ነበር። «መምህር፣ የሚያፈስበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ነው የሚፈልጉት?» አሉኝ። አረፋ የሚሠራው ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሆን ነው፤ በቶካማክ ግን ውስጡ ባዶ፣ ውጭው የከባቢ አየር ስለሆነ አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ አረፋም አይነፋም። ስለዚህ የቫኪዩም ባለሙያዎች ሂሊየም ከውጭ በኩል በመጋጠሚያዎቹ ላይ በቀጭን ቱቦ እየነፉ፣ በውስጥ በኩል ሂሊየምን ለይቶ በሚያውቅ መሣሪያ ይጠብቃሉ፤ መሣሪያው ምልክት በሰጠበት ቅጽበት ሂሊየሙ የተነፋበት መጋጠሚያ ጥፋተኛው ይሆናል። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እኛ ናይትሮጅን ሞልተን ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ እንደምንጠብቅ፣ እነሱ ደግሞ ፓምፑን ዘግተው ግፊቱ ይወጣ እንደሆነ ይጠብቃሉ ማለት ነዋ!» አሉ። ትክክል ነበሩ። እኔም ለተማሪዎቹ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ግፊቱ በተመሳሳይ ፍጥነት መጨመሩን ከቀጠለ የሚያፈስ ቦታ አለ፤ እየዘገየ ሄዶ የሚረጋ ከሆነ ግን ከግድግዳው የሚወጣ እርጥበት ነው። ለአንደኛው መፍትሔው ማሸጊያ መለወጥ ሲሆን፣ ለሁለተኛው ደግሞ ክፍሉን ማጋልና ግድግዳውን በደካማ የጋዝ ብልጭታ ማጽዳት ነው። ጎሌምም ይህንኑ ያደርጋል፤ ክፍሉ እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል፣ ከዚያም የብልጭታ ጽዳት ይከተላል።

ይህ ሁሉ ከርቀት ሙከራው ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ በሾቶቹ ገጾች ላይ ይገኛል። ጥሩ የሥራ ቅደም ተከተል የሚጀምረው ጋዝ ሳይገባ በሚደረግ ባዶ ሾት ነው። በክፍሉ ዙሪያ የተጠቀለለው የፍሰት መለኪያ የሚያነበው በፕላዝማውና በብረቱ ክፍል የሚያልፈውን ድምር ስለሆነ፣ የብረቱን ድርሻ ለይቶ ለመቀነስ አስቀድሞ የክፍሉን የኤሌክትሪክ መቋቋም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ባዶው ሾት ወደ 10 ሚሊ ኦም የሚጠጋ ዋጋ ይሰጣል። ከዚያ ሃይድሮጅን ገብቶ እውነተኛው ሾት ሲካሄድ፣ ለምሳሌ ቀለበቱን የሚዞረው ቮልቴጅ 10 ቮልት፣ የፕላዝማው ፍሰትም 4 ኪሎ አምፔር ከሆነ፣ የፕላዝማው መቋቋም 2.5 ሚሊ ኦም ነው ማለት ነው። ብረት ሲሞቅ መቋቋሙ ይጨምራል፤ ፕላዝማ ግን ሲሞቅ መቋቋሙ ይቀንሳል። ስለሆነም ከዚህ አንድ ቁጥር ተነሥቶ፣ የፕላዝማን መቋቋም ከሙቀቱ ጋር በሚያያይዘው የስፒትዘር ቀመርና ስለ ፕላዝማው ንጽሕና ተገቢውን ግምት በመውሰድ፣ የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ግማሽ ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ መሆኑን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በካልኩሌተር ሊደርስበት ይችላል። ቴርሞሜትር ሊገባበት የማይችል ቦታ ሙቀት በቮልቴጅና በአምፔር ብቻ ሲታወቅ የተማሪዎቼን ፊት ማየት በመምህርነት ሕይወቴ ከምደሰትባቸው ነገሮች አንዱ ነው።

የጥገናው ጉዳይ ወለል ብሎ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ክፍሉ ተከፍቶ አየር ከነካው በኋላ ግድግዳው ላይ ውኃና ኦክስጅን ይጣበቃሉ፤ ፕላዝማው ግድግዳውን ሲጎበኘው እነዚህ ወደ ውስጥ ይገቡና ሙቀቱን በብርሃን መልክ ያባክኑታል። ውጤቱም ይታወቃል፤ ፕላዝማው ይቀዘቅዛል፣ መቋቋሙ ይጨምራል፣ ለተመሳሳይ ፍሰት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ስለዚህ ከመዝገቡ ውስጥ ቮልቴጃቸውና ግፊታቸው ተመሳሳይ የሆኑ፣ ነገር ግን ቁጥራቸው የተራራቀ ሾቶችን መርጦ ያነጻጸረ ተማሪ፣ ማሽኑ መቼ ንጹሕ እንደነበረና መቼ ጽዳት እንዳስፈለገው ማንም ሳይነግረው መገመት ይችላል። እኔ ይህን የቤት ሥራ አድርጌ ስሰጥ፣ ከቀጥታው ሙከራ ይልቅ የበለጠ ትምህርት የተገኘው ከዚህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አገልግሎቱን እጅግ የማከብርበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው፤ ጥሩዎቹን ሾቶች ብቻ መርጦ አያሳይም፤ ፕላዝማ ያልተነሣባቸው፣ በመካከል የተቋረጡት፣ መለኪያው በትክክል ያላነበበባቸው ሁሉ ከነቁጥራቸው በመዝገቡ አሉ።

ከጅማ ሆኖ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ዝግጅት ብዙ አይደለም። የሚላከው ትእዛዝ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ በመሆኑ ደካማ ኢንተርኔት እንኳ ይበቃዋል፤ ከባዱ የሚሆነው በሥዕልና በቪዲዮ የተሞላውን ገጽ መክፈት ነው። መፍትሔው ሥዕሎቹን ትቶ ጥሬውን ውሂብ በጽሑፍ ፋይል አውርዶ ግራፉን እዚሁ መሥራት ነው፤ ለትምህርቱም የሚሻለው ይህ ነው። ትእዛዙ አንዴ ከደረሰ በኋላ በእኛ በኩል መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም፣ ሾቱም ይካሄዳል፤ ውጤቱ በቁጥሩ ተመዝግቦ ይጠብቃል። ቢሆንም ላፕቶፕ ባትሪው የሞላ፣ ከዋናው መስመር በተጨማሪ የስልክ ዳታም የተዘጋጀ ቢሆን መልካም ነው። ሰዓቱን በተመለከተ፣ በአውሮፓ የክረምት ወራት ፕራግ እኩለ ቀን ሲሆን ጅማ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ግን 7 ሰዓት ይሆናል። ቀጠሮ ሲያዝ የትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደታሰበ በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ጉድለት የምላቸውንም ልናገር። ጎሌም ውህደትን አያካሂድም። የሚጠቀመው ተራ ሃይድሮጅን ወይም ሂሊየም ነው፤ ሙቀቱም ለውህደት ከሚያስፈልገው ከመቶ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ጋር የሚቀራረብ አይደለም፤ ስለዚህ ከእሱ ኃይል ሲወጣ ለማየት የሚጠብቅ ተማሪ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ገጾቹ በእንግሊዝኛ አሕጽሮተ ቃላት የተሞሉ ስለሆኑ፣ ያለ መምህር ድጋፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባበት ሰው የትኛው መስመር ምን እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል፤ እኔ ለክፍሌ አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነው የማሰራጨው፤ ሌላውም መምህር እንዲሁ ቢያደርግ ጊዜ ይቆጥባል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በርቀት አገልግሎት ባሕርይ የሚመጣው ነው። ከኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ተማሪ የጥገናን ውጤት ያያል እንጂ ጥገናን አይማርም። የመዳብ ማሸጊያ አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ለምን ሁለተኛ ጊዜ እንደማያገለግል፣ የጎማ ማሸጊያ ላይ የወደቀች አንዲት ፀጉር ምን ያህል አየር እንደምታስገባ፣ በቮልቴጅ የተሞላ ካፓሲተር ለምን ሳይለቀቅ እንደማይነካ፣ እነዚህን እጅ ነው የሚማራቸው። ስለዚህ አገልግሎቱን የአካባቢ ቤተ ሙከራን ተክቶ እንዲያገለግል የሚያስብ ትምህርት ቤት ቢኖር አልመክረውም፤ ከአካባቢው ሥራ ጋር ተጣምሮ ሲሄድ ነው ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው።

ይህን ስል በእኛ አካባቢ ያለውን ሁኔታ እያሰብኩ ነው። በማውቃቸው ቤተ ሙከራዎች ውስጥ በአንድ ማሸጊያ ወይም በአንድ ሊትር የፓምፕ ዘይት እጦት ምክንያት ተሸፍነው የተቀመጡ፣ ሲመጡ ብዙ የተደሰትንባቸው መሣሪያዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ገንዘብ አይደለም፤ መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ እንደሆነ፣ ያኔ ምን ያህል ግፊት ላይ ደርሶ እንደነበር፣ ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ የሚናገር መዝገብ አለመኖሩ ነው። ከጎሌም ጋር ከሠራን በኋላ እኛም ለትንሿ የመስታወት ቆብ ቫኪዩም ፓምፓችን የሾት ቁጥር መስጠት ጀመርን። ፓምፑ በተነሣ ቁጥር ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የደረሰበት ዝቅተኛ ግፊትና እዚያ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ይጻፋል። ጊዜው እየረዘመ መሄዱን መዝገቡ ስላሳየን ፓምፑ ሳይቆም ዘይቱን ለወጥነው፤ የወጣው ዘይት በውኃ ነጥቶ ነበር። ጋሼም ይህን ሲያዩ፣ በፓምፑ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ለተወሰነ ጊዜ ከፍቶ ማስኬድ ውኃውን ከዘይቱ እንደሚያስወጣው ለተማሪዎቹ በተግባር አሳይተዋቸዋል።

አገልግሎቱን ለዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ክፍሎች ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን ክፍት መዝገቡ ብቻ ይበቃቸዋል፤ የኦምን ሕግ የተማረ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የፕላዝማን መቋቋም ለማስላት የሚያግደው ነገር የለም። የቀጥታ ቀጠሮ ለመያዝ የሚያስብ መምህር ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ተማሪዎቹን በአሮጌ ሾቶች ውሂብ እንዲለማመዱ ቢያደርግ፣ በዕለቱም ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ነጠላ ሾት ከማከፋፈል ይልቅ ለቡድን አንድ ጥያቄ ሰጥቶ አንዱን መለኪያ ብቻ ደረጃ በደረጃ እየለወጡ ተከታታይ ሾቶችን እንዲያካሂዱ ቢያዝ፣ ውጤቱ ሊነጻጸር የሚችል ይሆናል። ለመነሻ የጋዙን ግፊት መለወጥ ጥሩ ነው፤ ግፊቱ ሲበዛም ሲያንስም ፕላዝማው ለመነሣት እንደሚቸገር በግልጽ ይታያልና። የመጀመሪያው ሾት ግን ምንጊዜም ያለ ጋዝ የሚደረገው ባዶው ይሁን፤ እሱ ከተረሳ የቀሩት ሁሉ ሊሰሉ አይችሉም።